የስኮፕ ቀለበት ቁመት እንዴት ይመረጣል? ከመግዛታችሁ በፊት የሚለካው

የአደን ጠመንጃ ላይ ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መነጽር) ለመግጠም የተነሳ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም የሚያፈሰው ጠመንጃውና ስኮፑ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያያይዙት ቀለበቶች መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚሉት። ሱቅ ሲገባ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» የሚል ሳጥን ተደርድሮ ያገኛል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። ብዙው ሰው «መካከለኛውን ልያዝ» ብሎ ይወጣል።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ለክቼ ነበር። ሂሳቤ 23 ሚሊሜትር አለኝ። አንድ ሻጭ ጋ 23 ሚሊሜትር የሚል ቀለበት አገኘሁና ደስ ብሎኝ አዘዝኩ። መጥቶ ስገጥመው በስኮፑና በአፈሙዙ መሐል አንድ ጣት ሙሉ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ጉንጬን ሰደፉ ላይ ሳሳርፍ የሚታየኝ ጥቁር ብቻ ነው። ለማየት አንገቴን ማስረዘም ነበረብኝ። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። የኔ 23 የተለካው እስከ ስኮፑ መሐል ነው። የሻጩ 23 ግን እስከ ስኮፑ ሆድ፣ ማለትም እስከ ቱቦው የታች ጠርዝ ነበር። በሁለቱ መሐል 15 ሚሊሜትር አለ። የአደን ወቅት የተከፈተበትን ቅዳሜ ሌላ ቀለበት ስጠብቅ አሳለፍኩት። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው።

የቀለበት ቁመት ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። የስኮፑ የፊት አፍ አፈሙዙን ይነካል ወይ? ሳቀባብል እጀታው ስኮፑን ይመታል ወይ? ጉንጬን ሰደፉ ላይ ሳሳርፍ ዓይኔ የስኮፑ መሐል ላይ ይውላል ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በካሊፐር (ውፍረት ቆንጥጦ በሚለካ መሣሪያ) እና በማስመሪያ ትፈቷቸዋላችሁ። ሦስተኛውን የሚመልሰው የራሳችሁ ፊት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚረሳውም እሱ ነው።

ምሳሌዬ የራሴ ጠመንጃ ነው። ሬሚንግተን 700፣ ካሊበሩ .308፣ አፈሙዙ ቀጭን የአደን አፈሙዝ፣ ከላዩ አንድ ወጥ የፒካቲኒ ሬል ያለው። የስኮፑ የፊት ሌንስ 50፣ ቱቦው 30 ሚሊሜትር ነው። አፈሙዝ ስል ጥይቱ የሚያልፍበትን ብረት ሙሉውን ማለቴ ነው፤ ጫፉን ብቻ አይደለም። ሬል የምለው ቀለበቱ ቆንጥጦ የሚይዘውን፣ ጥርስ ጥርስ ያለውን ብረት ነው። የስኮፑ ሆድ ደግሞ ቀለበቱ ውስጥ የሚተኛው የቱቦው የታች ጠርዝ ነው።

መጀመሪያ ባዶ አድርጉት

ካዝናውን አውጡ። አቀባብሉ። ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳብሱ። ጥይቱን ከክፍሉ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ቆልፉበት። የምንሠራው ሥራ ጠመንጃውን ደጋግሞ ትከሻ ላይ ማድረግና ማቀባበል አለበት። ስለዚህ ለሻይ ተነስታችሁ በተመለሳችሁ ቁጥር እንደገና ፈትሹ።

ስኮፑን ለኩ

ካሊፐር ያስፈልጋል። ርካሹም ይበቃል።

የቱቦው ውፍረት ብዙውን ጊዜ 1 ኢንች (25.4 ሚሊሜትር)፣ 30 ወይም 34 ሚሊሜትር ነው። ቀለበቱ የግድ ከዚህ ጋር አንድ መሆን አለበት። የ1 ኢንች ስኮፕ በ30 ቀለበት ውስጥ ይወዛወዛል።

ቀጥሎ የፊት አፉን የውጭ ስፋት ለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስኮፑ ላይ የተጻፈው 50 የሌንሱ ስፋት ነው። ሌንሱን ያቀፈው ብረት ከዚያ ይበልጣል። የኔ «50» በካሊፐር 57 ነው። ተከፍቶ የሚዘጋ ክዳን የምትጠቀሙ ከሆነ ክዳኑን አጥልቃችሁ ለኩ። ክዳኑም ቦታ ይይዛል።

በዓይን በኩል ያለውን የኋላ ክፍል ስፋትም ጻፉት። ለእጀታው ያስፈልገናል።

ስኮፑን ገና ካልገዛችሁ እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበላችሁ። ቀለበት ወደ ላይ የሚገፋው ትልቁ ሌንስ ነው። ከ42 ወደ 56 ስትሄዱ ስኮፑ ቢያንስ 7 ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት። ለዚህ ዋጋ የምታገኙት ብርሃን ነው። ግን ብርሃኑ ሁልጊዜ ዓይናችሁ ውስጥ አይገባም። የሌንሱን ስፋት ለማጉያው ቁጥር ስታካፍሉ ከስኮፑ የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። 42 ለ6 ሲካፈል 7 ሚሊሜትር ነው። የወጣት ሰው ብሌን በጨለማ የሚከፈተው እስከ 7 ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይጠባል። ጀርመኖች 8×56 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ ሌንሱ 56 ሚሊሜትር የሆነ) ስኮፕ የሚወዱት በጨረቃ ብርሃን አሳማ ስለሚያድኑ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን በብዙ ስቴቶች አጋዘን ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ለዚያ 40 ወይም 42 ይበቃል። እኔ ዛሬ ብገዛ 42 ነው የምገዛው።

ከሬሉ እስከ አፈሙዙ

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሬሉ ላይ አስተኙ። ወደ ፊት፣ ከአፈሙዙ በላይ ይዘርጋ። ስኮፑ ሲገጠም የፊት አፉ የት ጋ እንደሚደርስ ገምቱ። እዚያ ቦታ ላይ ከማስመሪያው የታች ጠርዝ እስከ አፈሙዙ ጀርባ ያለውን ክፍተት ለኩ። በኔ ጠመንጃ 9 ሚሊሜትር ነው።

ይህ ቁጥር ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል። ቀጭን የአደን አፈሙዝ ወደ ፊት ሲሄድ እየቀጠነ ስለሚወርድ ክፍተቱ ይሰፋል። ወፍራም የዒላማ አፈሙዝ ግን ውፍረቱን ይዞ ይሄዳል፤ ክፍተቱ ይጠባል። በረጅሙ ሬል ፈንታ ሁለት አጫጭር መቀመጫዎች ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ዝቅ ያሉ ናቸው። አንዳንድ ጠመንጃ ደግሞ ቀለበቱን በቀጥታ ገላው ላይ ይቀበላል። ለምሳሌ ቲካ ቲ3ኤክስ በገላው ላይ የተቀረጸ 17 ሚሊሜትር መያዣ አለው። ያኔ ልኬቱ የሚጀምረው ከገላው አናት ነው።

ሬላችሁ ለረጅም ርቀት ተብሎ 20 ሞአ (ትንሽ የማዕዘን መለኪያ ነው) ያዘነበለ ከሆነ የስኮፑ ፊት ትንሽ ይደፋል። ብዙ ሰው ይፈራዋል። በተግባር ግን 15 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ስትሄዱ ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ማስመሪያው ሬሉ ላይ ተኝቶ ከተለካ ደግሞ ዝንባሌው ቀድሞውኑ ልኬቱ ውስጥ ገብቷል።

ሂሳቡ

የፊት አፉን ስፋት ለሁለት ክፈሉ። 3 ሚሊሜትር ጨምሩ። ከሬል እስከ አፈሙዝ የለካችሁትን ቀንሱ። የሚቀረው ከሬሉ አናት እስከ ስኮፑ መሐል ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ቁመት ነው።

የኔ እንዲህ ነው። 57 ለሁለት ሲካፈል 28.5። 3 ሲጨመር 31.5። 9 ሲቀነስ 22.5። ስለዚህ 23 ሚሊሜትር የሚል ቀለበት ፈለግኩ።

3 ሚሊሜትሩ ለምንድነው? አፈሙዝ ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል፣ ሲደጋገም ይሞቃል። ስኮፑን ከነካው ምቱ ይበተናል፣ ስኮፑም ይጎዳል። «የአንድ ዶላር ኖት በመሐላቸው ካለፈ ይበቃል» የሚሉ አሉ። የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ሊያስኬድ ይችላል። ጫካ ውስጥ ግን ጭቃ፣ ቅጠል፣ በረዶ ይገባበታል። እኔ በኒኬል፣ በአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲሙ ነው የምለካው። አንዱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። አንዱ ያለ ትግል ካለፈ ደህና ነው።

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ዝቅተኛ» እና «መካከለኛ» የሚሉት ቃላት የጋራ መለኪያ የላቸውም። የአንዱ ፋብሪካ መካከለኛ የሌላው ዝቅተኛ ነው። ቃሉን ትታችሁ ቁጥሩን ፈልጉ። ቁጥሩን ስታገኙ ደግሞ ከየት እስከ የት እንደተለካ ጠይቁ።

አንዳንዱ ከሬሉ አናት እስከ ስኮፑ መሐል ይለካል። ሌላው ከሬሉ አናት እስከ ስኮፑ ሆድ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የቱቦውን ግማሽ መደመር ወይም መቀነስ ነው። ለ1 ኢንች ቱቦ 12.7፣ ለ30 ቱቦ 15፣ ለ34 ቱቦ 17 ሚሊሜትር። የኔ 22.5 እስከ መሐል ከሆነ እስከ ሆድ 7.5 ነው ማለት ነው። አንድ ቀለበት ነው፣ ሁለት ቁጥር አለው።

የአሜሪካ ፋብሪካዎች በኢንች ነው የሚጽፉት። በ25.4 አባዙት። 0.90 ኢንች 22.9 ሚሊሜትር ነው። 1.5 ኢንች፣ ማለትም 38 ሚሊሜትር እስከ መሐል የሚል ካያችሁ ግን እለፉት። እሱ ኤአር-15 ለሚባለው፣ የወታደር ጠመንጃ ቅርጽ ላለው መሣሪያ የተሠራ ነው። የኤአር ሰደፍ ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የተኳሹ ዓይን ከፍ ብሎ ነው የሚውለው፤ ስኮፑም አብሮ ከፍ ይላል። በአደን ጠመንጃ ላይ እሱን መግጠም የኔን ስህተት መድገም ነው።

ገጹ ላይ የልኬቱ ሥዕል ከሌለ ሻጩን ጠይቁት። መልስ ካልሰጠ ከሌላ ግዙ።

የማቀባበያው እጀታ

እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሱት። ከስኮፑ የኋላ ክፍል ጋር የሚጋጨው እዚህ ከፍታ ላይ ሲደርስ ነው። ሬሚንግተን 700 እጀታው 90 ዲግሪ ይነሳል። ቲካ 70፣ ብራውኒንግ ኤክስ-ቦልት 60፣ ዌዘርቢ ማርክ 5 ደግሞ 54 ብቻ። የሚነሳው ባነሰ ቁጥር ለስኮፑ ቦታ ይተርፋል። በ90 ዲግሪ ጠመንጃ ላይ ግን ጣታችሁንም አስቡ። የአደን ጓንት አጥልቃችሁ አቀባብሉ። ብረቱ ሳይነካ አልፎ ጣታችሁ ከተቀረቀረ በሁለተኛው ጥይት ጊዜ ይቆጫችኋል።

የድሮ ማውዘር 98 ያላችሁ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ሴፍቲው እንደ ባንዲራ ወደ ላይ ቆሞ ነው የሚዞረው፤ ስኮፑን ይመታል። ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የተሠራ እጀታ ካለውም ሲነሳ ወደ ላይ ይቆማል። ለእነሱ ብሎ ቀለበት ከፍ ማድረግ ስህተት ነው። ጠመንጃ የሚሠራ ባለሙያ ሴፍቲውን በጎን በሚንቀሳቀስ ይቀይርላችሁ፣ እጀታውንም ያጉብጥላችሁ።

ጉንጭና ዓይን

እስካሁን ያገኘነው ከዚህ በታች መውረድ የማይቻልበትን ቁመት ነው። ትክክለኛው ቁመት ገና አልታወቀም። «ሳይነካ የሚቻለውን ያህል ዝቅ አድርገው» የሚል የቆየ ምክር አለ። ምክሩ ከየት እንደመጣ ካሰባችሁ ለናንተ ይሥራ አይሥራ ትለያላችሁ።

አገር ቤት ምንሽር ይዞ ያነጣጠረ ሰው ታያላችሁ። ማነጣጠሪያው አፈሙዙ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ብረት ነው። ስለዚህ ሰደፉ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው የተሠራው። ጉንጭ ሰደፉን ሲነካ ዓይን ከዚያ ትንሽ ብረት ጋር ይተካከላል። በእንደዚህ ዓይነት ሰደፍ ላይ ስኮፕ ስትጭኑ የሚታይበት መስመር በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ሰደፉ ግን ባለበት ነው። ጉንጭ ይለቃል፣ አገጭ ነው የሚያርፈው። ምክሩ የወጣው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ችግር ያዩት መፍትሔ አበጅተዋል። የእንግሊዙ ሊ-ኢንፊልድ ቁጥር 4 (ቲ) ስኮፑ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሰደፉ ላይ የእንጨት ጉንጭ ማሳረፊያ በቪቴ ታሠረበት። የአሜሪካኑ ኤም1ሲ ጋራንድ ደግሞ ስኮፑ ወደ ግራ ወጣ ብሎ ስለተሠራ የቆዳ ትራስ አደረጉለት። ስኮፑ የግድ ከፍ ሲል ጉንጩን ከፍ አደረጉ። እናንተም እንደዚያው ታደርጋላችሁ።

ፈተናው ይህ ነው። በአደን ጊዜ የምትለብሱትን ወፍራም ጃኬት ልበሱ። በቲሸርት መፈተን አይሠራም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። አስተማማኝ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻ አምጡና ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ በሚመቻችሁ ቦታ ጣሉት። ዓይናችሁን ግለጡ። ሙሉ ብሩህ ክብ ካያችሁ ቁመቱ ልክ ነው። ጭንቅላታችሁን ወደ ላይ ስታነሱ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ስኮፑ ከፍ ብሏል። ጉንጫችሁን ሰደፉ ውስጥ መቅበር ካስፈለገ ዝቅ ብሏል። አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ቆማችሁም፣ ተንበርክካችሁም፣ ተኝታችሁም።

የመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም እንሳሳታለን። ዓይን ተገልጦ ጨለማ ሲያይ አንገት በራሱ ጊዜ ተነስቶ ያስተካክላል፤ እኛ ሳናውቅ «ልክ ነው» እንላለን። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢያያችሁ ይሻላል። እኔ ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። «ዓይንህን ስትገልጥ አንገትህ ይነሳል» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘና ሂሳቡ ዝቅ እንድትሉ ካልፈቀደ ሰደፉን ከፍ አድርጉ። የሚታሰር የጉንጭ ትራስ ይሸጣል። ውፍረቱን ለማወቅ ግን ቀድማችሁ ፎጣ አጣጥፋችሁ ሰደፉ ላይ በቴፕ እሰሩ። ፈተናውን እስክታልፉ አንድ አንድ ዙር ጨምሩ። ሲበቃ ውፍረቱን ለኩና ያንን ያህል ትራስ ግዙ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሲቀባበል ወደ ኋላ የሚመጣው ብረት ትራሱን እንዳይመታ፣ ለጽዳት ሲወጣም እንዳይያዝ ፈትሹ።

ከሥሩ በሚተው ቀዳዳ የድሮውን ማነጣጠሪያ ለማየት ተብለው በጣም ከፍ ያሉ ቀለበቶችም ይሸጣሉ። እኔ አልመክርም። ሁለት ማነጣጠሪያ እናገኛለን ሲሉ ጉንጭ የሚያርፍበትን ያጣሉ።

በካርታ ሞክሩት

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። አሮጌ የመጫወቻ ካርታ አምጡ። አንድ ካርታ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የኔ ቁመት እስከ ሆድ 7.5 ስለሆነ 25 ካርታ ይፈልጋል። 25ቱን መሐል ላይ ቆርጣችሁ ሁለት ቁልል ሥሩ። ቀለበቶቹ የሚውሉበት ቦታ ሬሉ ላይ አስቀምጧቸው። ስኮፑን ከላይ አስተኙና በወረቀት ቴፕ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

አሁን ስኮፑ በቀለበት ሊቆም የሚገባው ቁመት ላይ ቆሟል። ኒኬሉን ከፊት አፉ ሥር አሳልፉ። በዝግታ አቀባብሉ። ዓይን ጨፍናችሁ ፈትኑ። ካርታ ጨምሩ፣ ቀንሱ። ሁሉም ልክ ሲሆን የቁልሉን ውፍረት በካሊፐር ለኩት። ያ ቁጥር ከሬል እስከ ስኮፕ ሆድ ያለው የናንተ ቁመት ነው። ሂሳቡ ከሚሰጣችሁ ይልቅ ይህንን እመኑ። በሁለት ቁመት መሐል ከወደቃችሁ ከፍ ያለውን ያዙ። ዝቅ ያለ ቀለበት አፈሙዙን ከነካ የሚደረግ ነገር የለም፤ ከፍ ያለ ቀለበት ግን በቀጭን ትራስ ይስተካከላል።

ስትገጥሙት

የቀለበቱ ቪቴዎች ትናንሽ ናቸው፤ ኃይል አይወዱም። ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክፍል ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። የፋብሪካው ወረቀት ሌላ ካለ ወረቀቱን ስሙ። በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በቁጥር በሚወስን መፍቻ) በመስቀል ቅርጽ እያዞራችሁ፣ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል እንዲሆን አድርጉ። በባዶ ብሩጎላ በእጅ ስሜት ማጥበቅ የስኮፑን ቱቦ ሊጨፈልቅ ይችላል።

ዊቨር ፒካቲኒን የሚመስል ሌላ የሬል ዓይነት ነው። የዊቨር ቀለበት የፒካቲኒ ሬል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። የፒካቲኒ ቀለበት ግን የዊቨር ሬል ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ የፒካቲኒ ሬል ቀዳዳ 5.2፣ የዊቨሩ ግን 4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነውና።

ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ልኬት ይቀራል። ከአፈሙዙ ቀዳዳ መሐል እስከ ስኮፑ መሐል ያለው ቁመት። ቦልቱን (ሲቀባበል ወደ ኋላ የሚመጣውን ብረት) ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት። ከቦልቱ አናት እስከ ስኮፑ ሆድ ለኩ፣ ከዚያ የቦልቱንና የቱቦውን ግማሽ ውፍረት ጨምሩበት። ስልካችሁ ላይ ያለው የጥይት ሂሳብ መተግበሪያ የሚጠይቃችሁ ይህን ነው። ብዙ ሰው 1.5 ኢንች ብሎ ያልፈዋል። ልዩነቱ ቅርብ ላይ ይታያል። በ100 ያርድ የተስተካከለ .308፣ ቁመቱ 1.5 ኢንች ከሆነ በ10 ያርድ ላይ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። ቁመቱ 2.6 ኢንች ከሆነ ከ5 ሴንቲሜትር ይበልጣል። የቆሰለ አጋዘንን በቅርብ መጨረስ ሲኖርባችሁ ይህን ማወቅ አለባችሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሰደፉ ጎን ላይ ለጥፉት። እኔ የጻፍኩት ዛሬም እዚያው አለ።